ለጉዞ ምክር ስትጠይቁ፦ ከጥያቄው እስከ ውሳኔው በስምንት እርከን

በዓል ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥም በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ «የት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱም ይጎርፋል። አንዱ ሐዋሳ ይላል። ሌላዋ «ሐዋሳማ ሰለቸን፣ አርባ ምንጭ ይሻላል» ትላለች። ከሂሳብ ክፍል አንድ ሰው ብቅ ብሎ ላንጋኖን አሞግሶ ይመለሳል። ሳምንቱን ሙሉ ሲወራ ይከርምና ዓርብ ማታ ሁሉም ይደክመዋል፤ እንደተለመደው ቢሾፍቱ ምሳ ተበልቶ ይመለሳል። አለዚያም አንድ ሰው አብዝቶ ያመሰገነው ቦታ ተሂዶ ግማሹ ሰው አኩርፎ ይገባል።

መካሪዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ ሁሉም የሚናገረው ከልቡ ነው። ግን እያንዳንዱ የሚመክረው ለራሱ የተመቸውን ነው። ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆናችሁ፣ ስንት ቀንና ስንት ብር እንዳላችሁ ሳትናገሩ ከጠየቃችሁ የምታገኙት የሌላ ሰው ጉዞ ነው። ይህ መመሪያ ከጥያቄው ተነሥቶ ምክሩን እስከ ማጣራት፣ መወሰንና በመጨረሻም ለሌላ ሰው እስከ ማካፈል ያለውን መንገድ በተራ ያሳያል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ጉዞ ይዘን እንዝለቅ፦ አምስት ሰዎች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በጥር ወር፣ ለአራት ቀን። ባሌን የመረጥነው መንገዱ ረጅም፣ የሌሊቱ ብርድ ከባድ፣ ከፍታውም የሚፈትን ስለሆነ ነው። በደንብ ያልተጠየቀ ምክር ጉዳቱ እንዲህ ባለ ቦታ ቶሎ ይታያል። ለአንድ ቀን የወንጪ ሽርሽርም ሆነ ለእንጦጦ የእግር ጉዞ እርከኖቹ እነዚሁ ናቸው፤ የሚያጥሩት በጊዜ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ማስታወሻ ደብተር (ወይም የስልክ ማስታወሻ)፣ ለጥሪ የሚበቃ ካርድና ቢያንስ ሁለት ሳምንት ነው። ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ካሰባችሁ ግን ሁለት ሳምንት አይበቃም፤ መኝታ ቀድሞ ስለሚያዝና ዋጋውም ስለሚንር ጥያቄውን ከወራት በፊት ጀምሩ።

1. ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ

ወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ። እነማን ናችሁ? ስንት ቀን አላችሁ፣ ከዚያ ውስጥስ ስንቱ መንገድ ላይ ያልቃል? እያንዳንዱ ሰው እስከ ስንት ብር ማውጣት ይችላል? በምን ትሄዳላችሁ? አምስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ የማትችሉት ነገር ምንድን ነው? ድንኳን ውስጥ ማደር የማይሆንለት፣ መኪና ውስጥ የሚያስመልሰው፣ የጋራ መጸዳጃ የማይችል ሰው ካለ ከወዲሁ ይታወቅ። የምትፈልጉትን መዘርዘር ቀላል ነው፤ ምርጫውን የሚያጠብላችሁ ግን የማትችሉት ነው።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። በሰው ፊት «ስንት ማውጣት ትችላለህ?» የተባለ ሰው «ችግር የለም፣ እንደ እናንተ» ይላል። ቡና እየጠጣችሁ ለብቻው ብትጠይቁት ልኩን ይነግራችኋል። ጤናም እንዲሁ ነው። ደም ግፊት፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ሴት በቡድን ፊት አይናገሩም። ለባሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የባሌው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ሲሆን እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ከጓደኛ በፊት የሚጠይቀው ሐኪሙን ነው።

የተለመደው ስሕተት፦ «የትም ይሁን፣ ብቻ እንውጣ» ብሎ መነሣት። የትም ይሁን ያለ ሰው በመጨረሻ ሁሉም ቦታ ላይ እንከን የሚያወጣ እሱ ራሱ ነው።

2. ጥያቄውን ቆርጣችሁ አቅርቡ

«ባሌ እንዴት ነው? አሪፍ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «በጣም አሪፍ ነው፣ ሂዱ» ትባላላችሁ። መልሱ ውሸት የለበትም፤ ግን ምንም አልነገራችሁም። አሁን ይህን አስተያዩት፦

«በጥር አጋማሽ አምስት ሆነን ባሌ ልንሄድ አስበናል። የ8 ዓመት ልጅና የ62 ዓመት እናታችን አብረውን አሉ፤ እናታችን ረጅም የእግር መንገድ አይችሉም። ሚኒባስ እንከራያለን፣ አራት ቀን አለን። አንተ የሄድክ ጊዜ ሳነቴ ላይ የወጣችሁት በምን መኪና ነበር? ያደራችሁት ጎባ ነው ዲንሾ? የሌሊቱን ብርድ በምን ቻላችሁት?»

ሁለተኛው ጥያቄ መካሪውን ያግዘዋል። ልጅና አዛውንት እንዳሉ ሲሰማ ለወጣቶች የሚሆነውን የድንኳን ጉዞ ትቶ ሌላውን ያስታውሳል። ደግሞም የተጠየቀው ያደረገውን ነው። ሰው አስተያየቱን ሲጠየቅ ያጋንናል፤ ያደረገውን ሲጠየቅ ግን ወደ ትዝታው ተመልሶ «ቆይ፣ እኛ ላንድክሩዘር ነበር የያዝነው፤ ሚኒባስ አላየሁም መሰለኝ» ይላል። የምትፈልጉት እንዲህ ያለውን መልስ ነው።

በአንድ ጊዜ ከሦስት ጥያቄ አትለፉ። ሃያ ጥያቄ የተላከለት ሰው «ማታ እመልስልሃለሁ» ብሎ ይረሳዋል። ታላቅ ሰው ከሆኑ ደግሞ መልእክት ልኮ መልስ መጠበቅ ነውር ነው፤ ደውላችሁ ደኅንነታቸውን ጠይቁ፣ «መቼ ይመችዎታል?» በሉ፣ ከተቻለም በአካል ሂዱ። ሲጫወቱ የሚነግሯችሁ በስልክ ከሚነግሯችሁ ይበልጣል።

የተለመደው ስሕተት፦ ሐሳብን ወስኖ ሲያበቁ ምርቃት ለማግኘት መጠየቅ። «ሳነቴ ላይ ድንኳን ብንተክል አሪፍ አይደል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምትሰሙት የራሳችሁን ሐሳብ ነው።

3. የምትጠይቁትን ሰው ምረጡ

አራት ዓይነት ሰው ፈልጉ፤ ከእያንዳንዱም የሚያውቀውን ብቻ ውሰዱ።

በቅርቡ የሄደ ሰው። መንገዱ፣ ዋጋውና መኝታው ዛሬ ምን ላይ እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከወራት በፊት የሄደ ተራ ሰው ከዓመታት በፊት ደጋግሞ የሄደ ባለሙያ የማያውቀውን ያውቃል።

እዚያው የሚኖር ሰው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው ቀን፣ ስለ ጸጥታው የሚያህለው የለም። መዝናኛውን ግን ላያውቀው ይችላል። ጎባ ተወልዶ ያደገ ሰው ሳነቴን ወደ ዶሎ መና ሲያልፍ ብቻ ያየው ሊሆን ይችላል።

በሥራው የሚመላለስ ሰው። የአውቶቡስና የጭነት መኪና ሹፌር መንገዱ የት እንደተበላሸ፣ ነዳጅ የት እንደሚጠፋ ጠንቅቆ ያውቃል። አስጎብኚም እንስሳው በስንት ሰዓት የት እንደሚወጣ ያውቃል። ነገር ግን አስጎብኚ፣ ደላላና የኪራይ መኪና ሹፌር እንግዳ ያመጡለት ሆቴል ኮሚሽን ሊሰጣቸው ይችላል። ይህ ብቻውን ውሸታም አያደርጋቸውም፤ መንገዱን ከሹፌሩ፣ መኝታውን ከሌላ ሰው መጠየቅ ግን ይበጃል።

እናንተን የሚመስል ሰው። ልጅ ይዞ የሄደ ወላጅ ለወላጅ የሚነግረው ሌላ ነው። ይህ ለማንኛውም የትርፍ ጊዜ ሥራ ይሠራል። ክራር መማር ስትፈልጉ ዝነኛውን ደርዳሪ ትታችሁ ባለፈው ዓመት የጀመረውን ጠይቁ፤ ጣቱ እስኪለምድ ምን ያህል እንዳመመው፣ የትኛው አስተማሪ ለጀማሪ እንደሚታገሥ አልረሳውም። ዝነኛው ግን ጀማሪ የነበረበትን ጊዜ ረስቶታል።

ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የምትመጡ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ። የዘመድ ምክር ውስጥ እንግዳ ተቀባይነት አለ። «እኛ እያለን ሆቴል?» የሚሉ አክስት ስለ ሆቴሉ ጥራት አልተናገሩም። ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ዘመድን፣ ስለ መኝታና መንገድ ግን ሌላ ሰው አማክሩ።

አጭር ቪዲዮ እየሠሩ የሚያሳዩ ሰዎችን ምክር ደግሞ ለመነሻ ተጠቀሙበት፤ ለመወሰኛ አይበቃም። ካሜራው የተከፈተው ጉሙ በተገለጠባት ደቂቃ ነው። ማረፊያው በነጻ የተሰጣቸው መሆኑንም ሁሉም አይናገሩም።

4. አስተያየትን ከተጨባጩ ለዩ

ለማንኛውም ምክር አራት ማጣሪያ አለ፦ መቼ? በምን? ከማን ጋር? በስንት ሰዓት? ማስታወሻችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ምክር ጎን እነዚህን ጻፉ። አራቱንም መሙላት ካልቻላችሁ ምክሩ ወሬ ነው።

«መቼ» ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ወቅት ነው። ባሌ ክረምት ላይ ጭቃና ጉም ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ሳነቴ ላይ ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ «ብርድ የለውም» እና «ብርዱ ገደለን» ያሉ ሁለት ሰዎች ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ አንዱ በቀን አልፏል፣ ሌላው አድሯል። ሁለተኛው ዓመቱ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት የተነገራችሁን ዋጋ እንዳልተነገረ ቁጠሩት። ወንጪም ሎጅ ስለተሠራበትና መንገዱ ስለተለወጠ ከዚያ በፊት ፈረስ ተከራይቶ ወደ ሐይቁ የወረደ ሰው የሚነግራችሁ ዛሬ የምታገኙትን ላይሆን ይችላል።

«በስንት ሰዓት» የሚለው ለእንስሳ ወሳኝ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ቀን ነው፤ የሚፈልገውም ፍልፈልና አይጥ ሲሆን ሳነቴ ለዚህ ይመቸዋል። «ቀበሮ የሚባል አላየንም» ያላችሁ ሰው አምባውን ሳይቆም በመኪና ያቋረጠ፣ ወይም ጉም በሸፈነው ሰዓት የደረሰ ሊሆን ይችላል። «ስንት ሰዓት ላይ ደረሳችሁ? ምን ያህል ቆማችሁ ጠበቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ዝም ብለን ነው ያለፍነው» ከሆነ ያ ሰው ስለ ቀበሮ የነገራችሁ ነገር የለም።

ርቀት ስትጠይቁ ኪሎ ሜትሩን ተዉት። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ግን ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ አይነግራችሁም። «በሚኒባስ፣ ቁርስና ምሳ እየበላችሁ፣ ከስንት ሰዓት ተነሥታችሁ ስንት ሰዓት ገባችሁ?» በሉ። መንገድ ላይ የምታገኙት ሰው ደግሞ እንግዳን ላለማሳዘን «ቅርብ ነው፣ ደርሳችኋል» ይላል። «በእግር ነው በመኪና? ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደርሳለን?» ብላችሁ ስትደግሙለት እውነቱ ይወጣል።

5. ምክሮቹ ሲጋጩ ምክንያቱን ፈልጉ

ወደ ባሌ የሚወስዱ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ፤ አንዱ በሻሸመኔ፣ ሌላው በአዳማና በአሰላ። ዶዶላ አካባቢ ይገናኛሉ። ስትጠይቁ ግማሹ «በሻሸመኔ እንጂ!» ይላችኋል፤ ግማሹ «አሰላን ለቆ ማን በዚያ ይሄዳል?» ይላል። ድምፅ አትቁጠሩ። ሁለቱንም «ለምን?» በሏቸው። የሻሸመኔው ሰው ልጆቹን ዝዋይና ላንጋኖ ላይ እያሳረፈ የሄደ ይሆናል። የአሰላው ደግሞ የከባድ መኪና ግፊያ የሰለቸው፣ የአርሲን የስንዴና የገብስ ማሳ እያየ፣ የሯጮቹን አገር በቆጂን አቋርጦ ማለፍ የሚወድ ይሆናል። ምክንያታቸውን ስትሰሙ የትኛው እናንተን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ክርክሩም ያበቃል።

ሁሉም ግጭት ግን እንዲህ አይፈታም። የጣዕም ነገር ከሆነ፣ ማለትም የትኛው ምግብ ቤት ይጣፍጣል፣ የትኛው እይታ ያምራል ከተባለ፣ የሚመስላችሁን ሰው አምናችሁ ሂዱ፤ ብትሳሳቱ የምታጡት አንድ ምሳ ነው። የጸጥታ፣ የጤናና የመንገድ ነገር ከሆነ ደግሞ ጠንቃቃውን አድምጡ። አሥር ሰው «ሰላም ነው» ብሎ ባለፈው ሳምንት እዚያ የነበረ አንድ ሰው «ትንሽ ቆዩ» ካለ የአሥሩ ብዛት አያጽናናችሁ። የአንዱን ምክንያት እዚያው ለሚኖር ሰውና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ሳታጣሩ አትነሡ።

የተለመደው ስሕተት፦ መሀሉን መውሰድ። አንዱ ሁለት ቀን ይበቃል፣ ሌላው አምስት ያስፈልጋል ሲል ሦስት ቀን ተኩል ብሎ መቁረጥ ለማንም የማይሆን ጉዞ ያወጣል። ሁለት ቀን ያለው ሳነቴን ብቻ አይቶ ተመልሷል፤ አምስት ያለው ሀረና ጫካና ሶፍ ዑመር ዋሻ ድረስ ዘልቋል። ምን ማየት እንደምትፈልጉ ወስኑ፤ ቀኑ ራሱ ይወጣል።

6. ደውላችሁ አረጋግጡ

ከጓደኛ የሰማችሁት ሁሉ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ ከባለቤቱ አፍ መሰማት አለበት። አጠያየቁ እዚህም ይለያል። ይህን የስልክ ንግግር ተመልከቱ፦

«ለጥር 15ና 16 ሁለት ክፍል ፈልገን ነበር። ሙቅ ውሃ አለ?»

«አለ፣ ችግር የለም።»

«ዛሬ ጠዋት ነበር?»

«ዛሬ እንኳ መብራት ጠፍቶ ነው።»

«ጄኔሬተር ሲነሣ ውሃውን ያሞቃል?»

«እሱ ለመብራት ብቻ ነው።»

የመጀመሪያው መልስ ውሸት አልነበረም፤ ማሞቂያው ተገጥሟል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር ልጅ ስታጥቡ ምን እንደሚገጥማችሁ ነገራችሁ። «አለ ወይ?» ከማለት «ዛሬ ነበር?» ማለትን ልመዱ። በዚያው ጥሪ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስለመኖሩ፣ መኪና ግቢ ውስጥ ስለማደሩና ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠይቁ። ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ማታም ይኖር እንደሆነ፣ ከእናንተ ውስጥ የማይጾም ካለም የፍስክ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ በዐቢይ ጾም ሥጋ የማይሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው።

ሰዓትና ቀን ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ይነገር። ሆቴሉ «ቁርስ 1 ሰዓት» ሲል ጠዋት ነው፤ የአውሮፕላን ትኬት ላይ ግን ያው ሰዓት 07:00 ተብሎ ይጻፋል። ከውጭ የሚመጣ ወንድማችሁ «7 ሰዓት ነው በረራዬ» ካለ የቱን እንደሆነ ሳትጠይቁ ወደ አየር ማረፊያ አትውጡ። ጥር 11 ቀንም በውጭው አቆጣጠር ጃንዋሪ 19፣ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ 20 ነው። በስልክ ሆቴል ስትይዙ «ጥር» ያላችሁት «ጃንዋሪ» ተብሎ ከተመዘገበ ክፍላችሁ በማትመጡበት ቀን ይጠብቃችኋል።

መኪና ስትከራዩ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፦ ነዳጅ በማን ነው፣ የሹፌሩ አበልና መኝታ በማን ነው፣ ሳነቴ ላይ ይወጣል ወይ? «ባሌ ድረስ» ያላችሁት ለሹፌሩ ሮቤ ከተማ ሊሆን ይችላል። ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን በዓይናችሁ እዩ። ቀብድ ስትከፍሉ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፤ ማስረጃ ይተርፋችኋል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፤ የመግቢያ ክፍያውን የት እንደምትፈጽሙ፣ አስጎብኚም እንዴት እንደሚገኝ ቀድማችሁ ጠይቁ። ክፍያው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ ሁላችሁም መታወቂያ ያዙ።

7. የምትወስኑበትን ቀን ቁረጡ

ምክር መሰብሰብ ራሱ ይጣፍጣል፤ እየተወራ ጉዞው ይቀራል። ስለዚህ «እስከ ረቡዕ እንጠይቃለን፣ ሐሙስ እንወስናለን» በሉ። ከሐሙስ በኋላ «አንድ ሰው እኮ ከዚያ ይልቅ አርባ ምንጭ አለኝ» የሚል ቢመጣ «ለሚቀጥለው» ተብሎ ማስታወሻው ላይ ይጻፍለት።

አንድ ሰው የጉዞው አስተባባሪ፣ ሌላ ሰው ገንዘብ ያዥ ይሁን። አንድ ሰው ሁለቱንም ሲይዝ ስለ መንገዱ የሚነሣው ቅሬታ ስለ ብር ይመስላል። ዕቅዱን በአንድ ገጽ ጻፉና ለሁሉም ላኩ፤ ከጎኑም «ይህ ባይሆንስ?» የሚል አንድ መስመር ይኑር። ለባሌው ጉዞ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

የመጀመሪያው ቀን፦ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ዲንሾ መግባት። ከመሸ ሹፌሩን አለማጣደፍ፤ ዶዶላ ወይም አዳባ ማደር።

ሁለተኛው ቀን፦ ዲንሾ አካባቢ በእግር፤ ደጋ አጋዘንና ድኩላ እዚያው ይታያሉ። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰውነት ከፍታውን ቀስ ብሎ ይለምዳል።

ሦስተኛው ቀን፦ በጠዋት ሳነቴ። ጉም ከሸፈነው እስኪገለጥ መጠበቅ፣ ካልሆነም ወደ ሀረና ጫካ መውረድ። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ካለ ከዚያ በላይ አለመውጣት፤ ካልተሻለው ወዲያው ወደ ጎባ መውረድ። «ቻለው፣ ይለቅሃል» የሚባል ምክር እዚህ አይሠራም። ለከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው።

አራተኛው ቀን፦ መመለስ።

ጓዙንም ከሰማችሁት ምክር አውጡት። ውርጭ ከተባለ ጋቢ፣ ጃኬት፣ ኮፍያና ጓንት፤ መብራት ይጠፋል ከተባለ ፓወር ባንክና ባትሪ፤ ኔትዎርክ ይቆራረጣል ከተባለ በእጅ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ። በመነሻችሁ ዋዜማ እዚያው ላለ አንድ ሰው የመጨረሻ ጥሪ አድርጉ፦ «ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው? ሰላም ነው?» ይህን ጥሪ ማንም እንዳይዘልለው።

8. ስትመለሱ እናንተም በደንብ ምከሩ

በገባችሁ በሳምንቱ «እንዴት ነበር?» የሚል ይመጣል። እናንተ ስትጠይቁ የፈለጋችሁትን ዓይነት መልስ ስጡ። ለናሙና ያህል፣ ከላይ ያለውን ዕቅድ ሳይከተል በቀጥታ ጎባ ያደረ ቡድን እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ባለፈው ጥር አምስት ሆነን በሚኒባስ ሄድን። የመጀመሪያዋን ሌሊት ጎባ አደርን፤ ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃ ግን ማታ ብቻ ነበር። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሳነቴ ላይ ነበርን፤ ቆመን ስንጠብቅ ሁለት ቀበሮ አየን። እናታችንን ራስ ምታት ያዛቸው፣ ቶሎ ወረድን፤ ጎባ ስንደርስ ተሻላቸው። ዳግመኛ ብንሄድ መጀመሪያ ዲንሾ አድረን ነው የምንወጣው።»

በዚህ ውስጥ ወቅቱ፣ መኪናው፣ ሰዎቹና ሰዓቱ አሉ። ጥሩውም መጥፎውም አለ። «አሪፍ» የሚል ቃል የለበትም፤ ሰሚው አሪፍ መሆኑን ራሱ ይፈርዳል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በተለይ ዋጋ አለው፦ «ዳግመኛ ብንሄድ ምን እንለውጣለን?» የሚለውን ሁልጊዜ ጨምሩ።

ስትመክሩ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። ያልሞከራችሁትን እንደሞከራችሁ አትናገሩ፤ «ሶፍ ዑመር አልደረስንም፣ ስለሱ ሌላ ሰው ጠይቅ» ማለት ክብር አይቀንስም። ቅሬታ ካላችሁ ስድቡን ትታችሁ የሆነውን ተናገሩ፦ «ሌቦች ናቸው» ከማለት «በስልክ የተነገረንና የከፈልነው ዋጋ ተለያየ፤ በጽሑፍ አስልኩ» ማለት ለሰሚው ይጠቅማል፣ ቤቱም እንዲያስተካክል ዕድል ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ካያችሁ ቦታውን ለሁሉም አትዘርዝሩ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው፤ ሰው እየተጋፋ ፎቶ የሚያነሣበት ጉድጓድ ለግልገሎች አይበጅም።

በመጨረሻ ደግሞ ምክር ለሰጧችሁ ሰዎች ደውሉ። አመስግኑና የተለወጠውን ንገሯቸው፦ «ያልከኝ ድልድይ ተሠርቷል፣ ያልከው ምግብ ቤት ግን ተዘግቷል።» ሰው የመከረው ምን ላይ እንደደረሰ ካልሰማ ያንኑ ያረጀ ምክር ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። እናንተም ለሚቀጥለው በዓል ስትደውሉለት ስልኩን በደስታ ያነሣላችኋል።